የኑዕማን ፍሬን

አብዱልወሀብ በሞተ ሰው ይቀና ነበር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ደግሞስ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ አገር፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፍሬን ሲጠግን የኖረ፣ የተከበረ መካኒክ እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ ያለውን ነገር ከአፉ የሚያወጣው? በቁም ሰው የሚቀና ሰው ቢያንስ ባላንጣውን መንገድ ላይ አግኝቶ ይገላምጠዋል፣ በጀርባው ያማዋል፣ ነገር ፈልጎ ይጣላዋል። ኑዕማን ግን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ስሙ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ «አላህ ይርሀመው» ይላል፤ አብዱልወሀብም ጥርሱን ነክሶ «አሚን» ይላል።

ኑዕማን የሚስቱ የሀጂራ የመጀመሪያ ባል ነበር። ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ልቡን ታሞ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ አብዱልወሀብ ሀጂራን አገባና ዱሉዝ ወዳለው ቤቷ ገባ። እሷም አስተዋይ ሴት ናትና የሟቹን ፎቶ ራሷ ከሳሎን አውርዳ፣ ልብሱን ለመስጊድ ሰጥታ ነበር የጠበቀችው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤቱ ደጅ፣ ድራይቭዌዩ ላይ የቆመው የሰባ ሁለት ሞዴል ላንድክሩዘር። ሀጂራ ሳምንቱን ሙሉ ደንዉዲ ወዳለው ቢሮዋ በትንሿ መኪናዋ ትመላለሳለች፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ያንን ሽማግሌ መኪና ካልነዳች ያረፈች አይመስላትም።

በተጋቡ በመጀመሪያው ቅዳሜ አብዱልወሀብ ከቤት ሲወጣ ሀጂራን ከመኪናው ጎማ ሥር ተንበርክካ፣ መፍቻ ጨብጣ አገኛት። የሟች ባሏን አደራ ለመጠበቅ ብላ በማታውቀው ሥራ የምትንገላታ መሰለው። መፍቻውን ከእጇ ተቀበላትና በዘይት የቆሸሸውን መዳፏን ሳመው።

«እኔ እያለሁማ አንቺ መፍቻ አትይዢም» አላት።

ሀጂራ አፏን ከፍታ የሆነ ነገር ልትል ነበር። ከዚያ ፈገግ አለችና እጇን ልትታጠብ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናውን የሚነካው እሱ ብቻ ሆነ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ያስቸገረው የሀጂራ እግር ነበር። ላንድክሩዘሩን ስትነዳ ለማቆም በፈለገች ቁጥር ፔዳሉን ሁለቴ ነካ ነካ አድርጋ በሦስተኛው ትጫነዋለች። አሮጌ ታምቡር ፍሬን እንዲህ እንደሚያዝ አብዱልወሀብ ያጣዋል እንዴ? ዕድሜውን የበላበት ነገር ነው። ግን አንዲት የአሜሪካ ቢሮ ሠራተኛ ይህን ከየት ታመጣዋለች? በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ጠይቋት ነበር።

«ይቺን ነገር ማን አስለመደሽ?»

«ልማድ ነው። ያኔ እኮ ኑዕማን…»

«እሺ እሺ፣ መብራቱ በራ፣ ሂጂ» ብሎ አቋረጣት። ኑዕማን የሚለው ስም በመጣ ቁጥር ወሬ መቀየር ልማዱ ነው። የቀረውን ዐረፍተ ነገር በገዛ ልቡ ጨረሰው፦ ኑዕማን ነው ያስተማረኝ። በቃ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የትራፊክ መብራት መከራው ሆነ። ነካ፣ ነካ፣ ጫን። ሟቹ ከመቃብሩ ሆኖ የሚስቱን እግር የሚያዝዝ ይመስለዋል። ሰው በሚስቱ እግር ውስጥ ባላንጣ ይዞ ስንት ዓመት ይኖራል? አብዱልወሀብ ሦስት ዓመት ኖረ።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ነገሩን አነሳው።

«ኪት ኦርደር አድርጌያለሁ።»

«የምን ኪት?»

«ዲስክ ብሬክ፣ ለላንድክሩዘሩ። ታምቡሩን አውጥቼ ኮንቨርት ላደርገው ነው።»

ሀጂራ ስኒዋን አስቀመጠች። «ታምቡሩ ምን አደረገህ?»

«ኦልድ ነዋ! ውሃ ሲነካው አይዝም፣ ቁልቁለት ላይ ይግላል። እኔ ብሬክ ሾፕ እየሠራሁ ሚስቴ በታምቡር ትነዳለች ሲባል አያሳፍርም? ለሴፍቲሽ ነው ሀጂርዬ።»

ከተናገረው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ዲስክ ከታምቡር ይሻላል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ግን ለደህንነቷ አልነበረም። አንዴ ሲረግጡት ቀጥ የሚል ፍሬን ከገጠመላት ያቺ ነካ ነካ ትቀራለች፣ ኑዕማንም ከቤቱ ይወጣለታል። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ሀጂራ «እንግዲህ ይሁን» አለች። «የፍሬን ፖምፓውንም ትቀይረዋለህ አይደል? የታምቡሩ ፖምፓ ግፊቱን ይዞ ያስቀራል፤ ዲስኩን ሁልጊዜ እንደቆነጠጠው ይቀራል።»

አብዱልወሀብ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ይህንንም አስተምሯታል! ሰውዬው ታክሲ ነጂ ነው ወይስ ኢንጂነር? «አውቃለሁ» አለ በኩርፊያ። በእርግጥ ያውቃል፤ ኦርደር ማድረጉን ግን ረስቶት ነበር። የዚያኑ ዕለት አዘዘ።

ኪቱ በደረሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የፊቱን ጎማዎች ፈትቶ ሥራ ጀመረ። የግራው ታምቡር አልወጣ አለው። በመዶሻ ቀጠቀጠው፣ ዘይት ነፋበት፣ እንደገና ቀጠቀጠው። የዱሉዝ ሙቀት አናቱን ይመታዋል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ሀጂራ በረዶ የተሞላ ውሃ ይዛ መጣችና ቆማ ተመለከተችው።

«አትምታው፣ ይሰነጠቃል» አለችው። «ፊቱ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ አይደል? ስምንት ቁጥር ብሎን አስገባባቸውና እያፈራረቅክ አጥብቅ። ራሱ ገፍቶ ይወጣል።»

እንዳለችው አደረገ። ታምቡሩ ቀስ እያለ እየተገፋ ወጥቶ እጁ ላይ ዱብ አለ። ይህችን ዘዴ ኮምቦልቻ ያለው የድሮ አለቃው አሳይቶት ነበር፤ አሁን እልህ አስረስቶት ነው። ይባስ ብሎ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተውን የፍሬን ሆድ ሲያይ ደሙ ፈላ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቶ አያውቅም። ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዙት፣ ሸራ የለበሱት ሁለቱ ጫማዎች ተስተካክለው ተቀምጠዋል፤ ሸራው ጠርዙ ላይ እንዳይጮህ በሞረድ ተሞርዷል፤ ሞላዎቹ ሁሉ ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሯል፤ እያንዳንዱ ብሎን ላይ መጥበቁን የምታሳይ ቢጫ የቀለም ነጥብ ተደርጋለች። አብዱልወሀብ ስለ ሚስቱ ብቻ ሳይሆን በሟቹ የእጅ ሥራም መቅናት ጀመረ። እኔ እንዲህ እሠራለሁ? ብሎ ራሱን ጠየቀና መልሱን ስላልወደደው ሞላዎቹን በፒንሳ እየነቀለ መጣል ያዘ።

«ኧረ ቀስ!» አለች ሀጂራ።

«ሊጣል አይደል እንዴ?»

ሀጂራ ወደ ቤት ገባች።

ከሰዓት በኋላ ዲስኮቹ ገብተው፣ ዲስኩን ከሁለት ወገን ቆንጥጠው የሚይዙት ካሊፐሮች ታስረው፣ ቱቦ ማገናኘት ብቻ ሲቀረው አንድ ነገር ተበላሸ። ቱቦው ከካሊፐሩ ጋር የሚገናኝበት ብሎን ከላይና ከታች አንድ አንድ ቀለበት የመሰለች የመዳብ ሮንዴላ ይፈልጋል፤ ዘይቱን አፍና የምትይዘው እሷ ናት። ከአራቱ አንዷ ከጣቱ አምልጣ በድራይቭዌዩ ቁልቁል ተንከባለለችና ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ጥልቅ አለች።

የመለዋወጫ መደብሩ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። ሀጂራ ከበሩ ላይ ሆና «የጎደለ ነገር አለ እንዴ? ሄጄ ላምጣ?» አለችው።

«ምንም አልጎደለም!»

ለምን እንዲህ አለ? የዚያ የቢጫ ነጥብ ባለቤት ሮንዴላ ጥሎ አያውቅማ! እሱ ፊት ሮንዴላ ጠፋብኝ ማለት ሞት መሰለው። ከአሮጌው ቱቦ ላይ አንዲት ሮንዴላ ፈታ፤ በጋዝ እሳት እስክትቀላ አሞቃትና ውሃ ውስጥ ነከራት። መዳብ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል፣ ዳግም ይገጥማል። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ አዲስ ሮንዴላ አይቶ የማያውቅ እሱ ብቻ አልነበረም፤ ስንትና ስንት መኪና በዚህ ዘዴ ወጥቶ ገብቷል። ይቺኛዋ ግን ፊቷ ላይ ጭረት ነበራት። አይቶታል። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ በፍጹም አያደርጋትም ነበር። በቀኙ ካሊፐር ላይ አሰራት።

ከዚያ ሀጂራን ጠርቶ ከፍሬን ቱቦው አየሩን ለማስወጣት ፔዳሉ ላይ አስቀመጣት። «ርገጪ… ያዢ… ልቀቂ» ይላል እሱ ከሥር። እሷም ትረግጣለች፣ ትይዛለች፣ ትለቃለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ እሱ የአየር መውጫዋን ሳይዘጋ አልለቀቀችም። የሚሠራው ሰው ሁሉ እንዲህ ቢሆንለት ኑሮው በቀለለ ነበር። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ታምቡሮቹን ከነሸራቸው ወስዶ ለቁርጥራጭ ብረት ሰጣቸው። ማታ ሀጂራ «የት አደረስካቸው?» ስትለው «ስክራፕ» አላት። ታጥቦ ያለቀውን ሳህን እንደገና አጠበችው። ከዚህ በፊት ከላንድክሩዘሩ ወንበር ጀርባ ያገኛትን የሀላዋ ቆርቆሮ ሳይከፍት ወደ ቆሻሻ ሲወረውራት ሀጂራ አንስታ ቦታዋ መልሳት ነበር። ያቺም የሟቹ ናት ብሎ ደምድሟል።

ያን ሁሉ ደክሞ ምን አተረፈ? ምንም። ሀጂራ ዲስኩንም ነካ ነካ አድርጋ ትረግጠው ጀመር።

«አንዴ ብቻ ሀጂራ! ዲስክ ነው እኮ፣ ፖምፕ ማድረግ አያስፈልገውም።»

«እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ከቤታቸው እስከ ቡፎርድ ሃይዌይ ባለው መንገድ አሥራ አራት ጊዜ ስትቆም አሥራ አራቱንም ቆጠረ። ቅናት ልቡን በላው። ብረቱን ሁሉ አውጥቶ ጥሎታል፤ እግሯን ምን ያድርጋት?

በጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ፖም ሊለቅሙ ኤሊጄይ ወደሚባለው ተራራማ አገር ወጡ። ሀጂራ ነዳች። ሁለት ከረጢት ፖም ከኋላ ጭነው መመለስ ሲጀምሩ ቁልቁለቱ ከመድረሱ በፊት አብዱልወሀብ ዞር ብሎ አያት።

«ዛሬ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። እስክንወርድ ድረስ አንዴ ብቻ ትረግጪያለሽ። ለእኔ ስትይ።»

«ይሄን ያህል ያሳስብሃል?»

«ያሳስበኛል።»

ሀጂራ ፊቱን አየችውና «እሺ፣ ወላሂ አንዴ ብቻ» አለች።

የመጀመሪያውን ኩርባ አንዴ ረግጣ አለፈች። ሁለተኛውንም። አብዱልወሀብ ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ጫካው ቢጫና ቀይ ሆኖ ሲያልፍ እያየ፣ በልቡ ኑዕማንን ደህና ሰንብት ይለው ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ጠባብ ነው፤ ከብረት አጥሩ ወዲያ ገደል ነው። ሀጂራ አንዴ ረገጠች። ፔዳሉ እግሯ ሥር ሰምጦ ወለሉን ነካ።

መኪናው አልያዘም። የአብዱልወሀብ ቀኝ እግር ባዶውን ወለል በኃይል ገፋ፤ ከአፉ የወጣው «ያ አላህ» ብቻ ነው። ሀጂራ ግን አልጮኸችም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ወርወር አደረገችና ፔዳሉን ነካ፣ ነካ፣ ነካ፣ ነካ አድርጋ ከወለሉ ቀስቅሳ ጫነችው። አፍንጫው ወደ ግራ ሳብ አለ፤ መሪውን መለሰችው። ኩርባውን ዞረው፣ ከመንገዱ ዳር ሰፋ ያለች ጠጠራማ ቦታ ላይ ወጥታ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ቆሙ።

ሀጂራ ሞተሩን አጠፋች።

«የፊት ቀኝ ነው» አለች ሀጂራ። «ወደ ግራ ሳበኝ። የቱቦዋን ሮንዴላ አልቀየርክም እንዴ?»

አብዱልወሀብ ወርዶ አየ። የፊት ቀኝ ጎማ ከውስጥ በኩል በፍሬን ዘይት ርሷል። መኪናውን ተደገፈ። ሊገድላት ነበር። በገዛ እጁ ባሰራት የተጫረች ሮንዴላና በገዛ አፉ ባስገባት ቃል ሊገድላት ነበር። ያተረፋቸው ደግሞ ያ ሰውዬ። ሞቶም አሸነፈው። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ያመቀው ነገር ፈንቅሎት ወጣ።

«ኑዕማን ነው አይደል ይሄን ሁሉ ያስተማረሽ? ሮንዴላውን፣ ፖምፓውን፣ ስምንት ቁጥር ብሎኑን! ተናገሪ በቃ! እሱ በእግርሽ ውስጥ ባይኖር ዛሬ ሞተን ነበር። በይ፣ አመስግኚው!»

ሀጂራ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሲገባት ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ ደግሞ ዓይኗ ላይ እንባ ሆነ።

«ኑዕማን ሮንዴላ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሞተው» አለችው። «ኮፈኑን መክፈት እንኳ አይችልም ነበር።»

«ታዲያ ማን…»

«አባቴ ምን ነበር አብዱ?»

«ጋሽ ይመር? ሾፌር።»

«የወባ ማጥፊያ ሾፌር። በእንዲህ ዓይነት መኪና። ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ‹ሁለቴ አንቂው፣ በሦስተኛው ያዢው› እያለ ነው ያሳደገኝ። ጋራዡ ውስጥ ነው ያደግኩት። ይሄን መኪና ያየሁት እኔ ነኝ፣ ያስገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሸራውን ስቀይር የኖርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን መንገድ ላይ ስትጠይቀኝ ‹ያኔ እኮ ኑዕማን ይስቅብኝ ነበር› ልልህ ነበር፤ መቼ አስጨረስከኝ?»

አብዱልወሀብ ያቺ ቢጫ ነጥብ ትዝ አለችው። እንደ ጉድፍ ነቅሎ የጣላቸው ሞላዎች፣ ለስክራፕ የሰጣቸው ታምቡሮች ትዝ አሉት። የጣለው የኑዕማንን እጅ ሥራ አልነበረም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከእጇ የተቀበላት መፍቻም ትዝ አለችው፤ ያንን ቀን እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጥረው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«እጄን ሳምከው። ደስ አለኝ። ደስ እንዲልህ ብዬ ተውኩት፣ ከዚያ እንደተውኩት ቀረ።» ወደ ኋላ ዞራ ከወንበሩ ጀርባ ያቺን የሀላዋ ቆርቆሮ አወጣች። ክዳኗን ስትከፍተው በየመጠናቸው ተለይተው በክር የተሰኩ አዳዲስ የመዳብ ሮንዴላዎች ነበሩባት። «ክሪኩን አውጣ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ።»

አወጣ። አደረገ። ሀጂራ ሻርፗን ወደ ኋላ ጠቅልላ አሰረችና የመኪናውን ምንጣፍ ጠጠሩ ላይ አንጥፋ ተኛችበት። እጇን ዘረጋች፤ አብዱልወሀብ መፍቻውን ሰጣት። ሦስት ዓመት ዘግይቶ ሰጣት።

አንድ ጥያቄ ግን አላስቀምጥ አለው። ሊተወው ሞከረ፣ አልቻለም።

«እሱ ታዲያ… ኑዕማን፣ አንቺ ስትሠሪ ምን ያደርግ ነበር?»

«የእጅ ባትሪ ነበር የሚይዝልኝ።»

አብዱልወሀብ እንዲህ ያለ ቅናት ከዚህ በፊት ተሰምቶት አያውቅም። ሰውዬው ያስተማራት ነገር የለም፤ ያሸነፈውም በሙያ አይደለም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያበራላት ነበር፤ ሌላ ምንም። ሊቀናበት የሚገባው ሰው ይኸው ነበር፣ እሱ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ በማያውቀው ሰው ሲቀና ኖሯል።

የተራራው ጥላ ጎማው ላይ ወድቆ ከውስጥ ያለው ጨልሟል። ስልኩን አወጣ፣ መብራቱን አበራ፣ ተንበርክኮ በጎማውና በካሊፐሩ መሀል አስገባላት። ሀጂራ ብሎኑን ፈታች፤ የተጫረችውን ሮንዴላ በጣቷ አገላብጣ አየቻትና ምንም ሳትል ጠጠሩ ላይ አስቀመጠቻት።

«ደህና ነው? እሱ እንዲህ ነበር የሚይዝልሽ?»

«እሱ እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር» አለች ከሥር።

አብዱልወሀብ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።